የሸራ ጀልባዬ ውስጥ የሚያቃስተው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በስዊድን፣ ጎተንበርግ ከተማ ነው። በዚህ ዓመት ኤፕሪል ላይ በ1984 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ዘጠኝ ሜትር ተኩል ርዝመት ያላት የፋይበርግላስ የሸራ ጀልባ ገዛሁ። ወደብ ላይ ታስራ ስትቆም ጸጥ ያለች ናት። ሸራዋ ነፋስ ይዞ ዘንበል ስትል ግን ውስጧ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ነፋሱ ሲበረታ ያቃስታል። ለእኔ ድምፁ ከምሰሶው ሥር የሚመጣ ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ ከኋላ ነው ትላለች። ልጆቹ ውስጥ ገብተው መተኛት ፈርተዋል። ጀልባዋ እየተሰነጠቀች ይሆን? ብሎኑን ሁሉ ላጥብቅ? ወይስ ክፍተቱን ሁሉ በአረፋ ልሙላው?

ምላሽ፦ አረፋውን ይተዉት፤ ብሎኑንም ገና አይንኩት። ልጆቹን የሚመለከተውን ላስቀድም። በዚያ ዘመን በተሠራች ጀልባ ውስጥ በጉዞ ላይ የሚሰማ ሲጥታ በአብዛኛው የሚመጣው ከቁምሳጥኑ፣ ከአልጋው ሣንቃ፣ ከወለሉና ከጣራው ልባስ ነው። እንዲህ ያለው ድምፅ እንቅልፍ ይነሣል እንጂ ጀልባ አያሰጥምም። ጥቂቶቹ ድምፆች ግን ጀልባዋን ከሚሸከሙት አካላት ይመጣሉ። እነዚህን ሳይለዩ የሚደረግ ጥገና አደጋውን ከዓይን መሰወር ብቻ ስለሆነ ሥራው የሚጀመረው ከመለየት ነው።

ሸራው ነፋስ ሲይዝ ጀልባዋ ምን እንደሚደርስባት እንመልከት። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያሉት የምሰሶው መወጠሪያ ሽቦዎች ጎኗን ወደ ላይ ይስባሉ። ምሰሶው በአንጻሩ መሐሏን ወደ ታች ይጫናል፤ በብርቱ ነፋስ ይህ ጫና የጀልባዋን ሙሉ ክብደት ሊስተካከል፣ ሊበልጥም ይችላል። የፊትና የኋላ መወጠሪያዎች ደግሞ ሁለቱን ጫፎቿን ያነሣሉ። ፋይበርግላስ ይህን ሁሉ የሚችለው በመጠኑ በመተጣጠፍ ነው፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ችግሩ በዚህች በምትተጣጠፍ ገላ ውስጥ የተገጠመው የእንጨት ሥራ እኩል አብሯት አለመሄዱ ነው። አንዱ ሣንቃ ከጎኑ ካለው ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይንሸራተታል። ደረቅ እንጨት ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ገጽ ደግሞ በልስላሴ አይንሸራተትም፤ ተይዞ ይቆይና ድንገት ያመልጣል፣ ወዲያው እንደገና ይያዛል። የማሲንቆ ደጋን ሙጫ ተቀብቶ ክሩን የሚያስጮኸው በዚሁ መንገድ ነው። ባዶው ቁምሳጥን ደግሞ የማሲንቆውን ሣጥን ሥራ ይሠራል፤ ድምፁን ያጎላዋል።

ጥገናውን ሁሉ የሚመራው ሐሳብ ከዚህ ይመነጫል። አጥብቆ የታሰረ ነገር አይጮህም። ፈጽሞ የማይነካካ ነገርም አይጮህም። የሚጮኸው በመካከል ያለው፣ ታስሯል እንዳይባል የላላ፣ ተለያይቷል እንዳይባል የሚነካካ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ቆመው መጠየቅ ያለብዎት ይህ አካል እንዲታሰር ነው የተሠራው ወይስ እንዲንቀሳቀስ የሚለውን ነው። እንዲታሰር የተሠራውን አጥብቀው ያስሩታል፤ እንዲንቀሳቀስ የተሠራውን ክፍተት ይሰጡታል። ብሎኑን ሁሉ ማጥበቅ ይህን ጥያቄ ይዘለዋል። መላቀቅ የነበረበትን ሲያስሩት ጉልበቱ ወደ ቀጣዩ መጋጠሚያ ይሄድና ድምፁ ቦታ ይቀይራል።

እርስዎና ባለቤትዎ በቦታው ያልተስማማችሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በእንጨት ቃጫ ርዝመት ግን ከ3000 ሜትር በላይ ይሄዳል። ከኋላ የተነሣ ጩኸት በሣንቃው በኩል ወደ ፊት ሮጦ፣ ሰፊና ስስ ገጽ ካገኘበት ቦታ ላይ ይወጣል። ጆሮ የሚሰማው የወጣበትን እንጂ የተነሣበትን አይደለም። አንድ ጊዜ እንደ እርስዎ ከምሰሶው ሥር ነው የተባለ ድምፅ እንድፈልግ ተጠርቼ ነበር። የዚያች ጀልባ ባለቤት በምሰሶው ዙሪያ ያለውን ልባስ ነቅሎ ጨርሷል። ቱቦ ጆሮዬ ላይ አድርጌ መጋጠሚያውን ሁሉ ስዳስስ እዚያ አካባቢ ሁሉም ቦታ እኩል ይጮኻል፤ እኩል መጮኹ ራሱ ምንጩ ሌላ ቦታ እንደሆነ ይናገራል። ወደ ኋላ እየሄድኩ መውጫው መሰላል አጠገብ ስደርስ፣ የግድግዳውን ጠርዝ የምትሸፍን፣ ክንድ የምታክል የቲክ እንጨት ከፈፍ ላይ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ከፈፏ በሦስት ብሎን ታስራለች። የመካከለኛው ብሎን አንገቱ ላይ ተበጥሶ ጭንቅላቱ ብቻ በእንጨት መድፈኛው ሥር ቀርቷል፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይታወቅም። በአውራ ጣቴ ስጫናት ዝም ትላለች፣ ስለቃት ትጮኻለች።

ፍለጋው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ መሪውን ይይዛል፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ ያዳምጣል። አስቀድመው የሚጋጩትን ነገሮች ሁሉ ያስወግዱ። ብርጭቆና ሳህን፣ የመሣሪያ ሳጥን፣ በቁምሳጥን ውስጥ የሚንከባለል ጠርሙስ፣ ከግድግዳ ጀርባ ወይም በምሰሶው ውስጥ የሚወዛወዝ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይቀር ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ከዚያ ነፋሱን በቀኝ በኩል ተቀብለው ጥቂት ይሂዱ፣ ዞረው በግራ ተቀብለው ይሂዱ። በአንዱ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ፍለጋዎ በግማሽ ቀለለ። ሸራውን አውርደው በሞተር ብቻ በሞገዱ ላይ ይሂዱ። ድምፁ በዚህም ጊዜ ካለ ነገሩ ከምሰሶው ጫና ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ጀልባዋን የሚያንገላታት ሞገዱ ነው። በሸራ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ከመወጠሪያዎቹና ከምሰሶው አካባቢ ይጀምሩ። ወደብ ላይ ታስራ ሳለች የኋላ መወጠሪያውን ማጥበቂያው በሚፈቅደው መጠን ጠበቅ፣ ላላ እያደረጉ ማዳመጥም ይቻላል።

መሣሪያው ቀላል ነው። አንድ ሜትር የሚሆን የጎማ ቱቦ ይበቃል፤ አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ፣ ሌላውን መጋጠሚያው ላይ አድርገው ጣት በጣት እየተራመዱ ይሂዱ። የመካኒክ ማዳመጫ ካለዎት የተሻለ ነው። ከጆሮ ይልቅ ግን መዳፍን አምናለሁ። ሁለት ሣንቃ በሚገናኙበት ላይ የጣትዎን ጫፍ በሁለቱ ላይ አኑረው ድምፁ ሲመጣ ይጠብቁ፤ መንሸራተቱ በቆዳዎ ይታወቅዎታል። ጥርጣሬ ሲኖርዎት ስል እርሳስ ወስደው መጋጠሚያውን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። መስመሩን የሚያዩት ወደብ ከተመለሱ በኋላ አይደለም፤ ያኔ ሣንቃው ወደ ቦታው ተመልሷል። ጀልባዋ ዘንበል ባለችበት ሰዓት በባትሪ ብርሃን ሲያዩት መስመሩ ከተሰበረ ያ መጋጠሚያ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሽብልቅ ይምጣ። የታጠፈ ካርቶን ወይም ስስ የእንጨት ሽብልቅ በተጠረጠረው ክፍተት ውስጥ በእጅዎ ብቻ እየገፉ ያስገቡ። ድምፁ ከቆመ ወይም ቃናው ከተለወጠ ቦታውን አግኝተውታል። ሽብልቁን በመዶሻ እንዳይመቱት አደራ፤ ልባስ ይገነጥላል። ለወለል ሣንቃ የሕፃናት ፓውደር በጠርዙ ላይ ቢነሰንሱ ድምፁን ለጊዜው ስለሚያጠፋው ጥሩ መመርመሪያ ነው። ጀልባዋ ስትቆም ደግሞ ምልክቶች ይፈልጉ፤ ሁለት እንጨት የሚፋተግበት ቦታ ይወለውላል፣ ቫርኒሹ ይገፈፋል፣ ከሥሩ ደቃቅ ቡናማ ብናኝ ይከማቻል። እኔ ቁምሳጥን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ያንን ብናኝ ነው።

አሁን ወደ አሳሳቢዎቹ ልምጣ። ሳሎኑን ከፊተኛው ክፍል የሚለየውን፣ ጀልባዋን በወርድ የሚያቋርጠውን ግድግዳ ይመርምሩ። በዚያ ዘመን ጀልባዎች ይህ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ፕላይውድ ነው፤ ከገላዋ ጋር የሚያያዘውም ፖሊስተር ሬዚን በተባለ፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ በተነከረ የፋይበርግላስ ጨርቅ ነው። ፖሊስተር ከእንጨት ጋር ያለው ትስስር ኢፖክሲ እንደተባለው ሌላ ሬዚን አይጠነክርም፤ ከአርባ ዓመት ውጥረት በኋላ ጨርቁ ከፕላይውዱ መላቀቁ የተለመደ ነው። በየቁምሳጥኑ ውስጥ ራስዎን አስገብተው ጠርዙን በባትሪ ይከተሉት። ነጣ ያለ መስመር፣ የተነሣ ጠርዝ ወይም ስስ ቢላ የሚያስገባ ክፍተት ካዩ ተላቅቋል። በመፍቻ እጀታ ቀስ ብለው ሲያንኳኩት የታሰረው ቦታ የጠጠረ ድምፅ፣ የተላቀቀው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የጎን መወጠሪያ ሽቦዎች ማሰሪያ ብረት በዚሁ ግድግዳ ላይ የታሰረ ከሆነ ዙሪያውን አጥብቀው ይዩ። የውሃ ዱካ፣ የዝገት ወራጅ ወይም የጠቆረ እንጨት ካለ በሹል ነገር ይውጉት። እንጨቱ ለስልሶ ከገባልዎት ሸራ መስቀል እዚያው ላይ ይቁም፤ ያ ማሰሪያ ቢነቀል ምሰሶው ይወድቃል።

ምሰሶው ላይኛው ወለል ላይ የተተከለ ከሆነ ከሥሩ ጫናውን ወደ ታች የሚያወርድ አዕማድ ወይም ግድግዳ አለ። የዚያ መስመጥ በበር ይታወቃል። ወደብ ላይ በሰላም የሚዘጋው የመጸዳጃ ቤቱ በር በጉዞ ላይ የሚነክስ ከሆነ የበሩ ክፈፍ ቅርጹን እየለወጠ ነው። ጥቂት መንከስ በብዙ ጀልባ ይታያል፤ በየጊዜው እየባሰ መሄዱ፣ ወይም የጎን ሽቦዎቹ በየሳምንቱ እየላሉ ማጥበቅን መጠየቃቸው ግን ከሥር የሚሰምጥ ነገር እንዳለ ያሳያል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በምሰሶው ፊት ላይኛው ወለል ላይ ቢያጋድሙ ስርጉዱን በዓይንዎ ያዩታል።

በእርስዎ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የጎተንበርግ ደጃፍ በግራናይት ደሴቶችና ከውሃ በታች በተደበቁ ድንጋዮች የተሞላ ነው፤ ያረጀች ጀልባ ድንጋይ ነክታ የማታውቅ መሆኗን አልገምትም። ከሥር የተንጠለጠለው ከባዱ ኪል በድንጋይ ሲመታ የኋላ ጫፉ ወደ ላይ ይገፋና በውስጥ ከወለሉ ሥር ያሉትን ማጠናከሪያ ወጋግራዎች ይሰነጥቃል። የወለሉን ሣንቃ አንሥተው በተለይ ከኪሉ የኋላ ጫፍ በላይ ያለውን ቦታ ይዩ። የተሰነጠቀ ወይም ከገላዋ የተነሣ ወጋግራ ካዩ የጀልባ መርማሪ ባለሙያ ይጥሩ፤ በራስዎ የሚሞከር ሥራ አይደለም። ከኋላ የሚመጣ ጓ ጓ የሚል ምት ካለ ደግሞ የመሪው ማቀፊያ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ከሥር ያለውን የመሪውን ክንፍ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ጎን ሲነቀንቁት ይታወቃል።

የተላቀቀውን ግድግዳ መልሶ ማሰር ትዕግሥት ያለው ሰው የሚችለው ሥራ ነው፤ ማሰሪያ ብረት ያለበትን ግድግዳ ግን በባለሙያ ዓይን ሥር ይሥሩት። የላላውን ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ገፈው ያውጡ። ቦታውን በአሴቶን ይጥረጉ፣ ከዚያ ቀለሙንና ቫርኒሹን በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት እስከ ፋይበርግላሱና እስከ ጥሬው እንጨት ድረስ ይፈግፍጉ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ ቅባቱ ሳይጠረግ ከተፈገፈገ ወደ ውስጥ ይታሻል። ማዕዘኑን በተወፈረ ኢፖክሲ ክብ አድርገው ይሙሉት፤ ጨርቅ በስል ማዕዘን ላይ አይተኛም። በላዩ የፋይበርግላስ ጨርቁን በኢፖክሲ ነክረው፣ እያንዳንዱ ድርብ ከፊተኛው ሰፋ እያለ፣ በሁለቱም የግድግዳው ገጽ ያስተኙት። በእንዲህ ያለው ጥገና ፖሊስተር አይመለሱበት፤ ኢፖክሲ ያረጀ ፖሊስተርንም እንጨትንም አጥብቆ ይይዛል። ግድግዳው ከገላዋ ጋር በቀጥታ የሚነካካ ከሆነ በመካከል ስስ የአረፋ ዘንግ እንዲኖር ያድርጉ፤ ያለበለዚያ ግድግዳው በአንድ መስመር ብቻ ገላዋን ይጫናል። የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ፣ ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ የፋይበርግላስ ብናኝ አያስነሡ። ልጆቹ ያን ቀን ቤት ይዋሉ።

የቀረው የእንጨት ሥራው ነው፤ እዚህ ላይ ሥራው ደስ ይላል። የወለል ሣንቃዎች ከሁሉ በላይ ጯሂዎች ናቸው። ፕላይውድ በስፋቱ እምብዛም አያብጥም፤ ያልታሸገ ጠርዙ ግን ውሃ ጠጥቶ ይወፍራልና ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። ጠርዙን አንድ ሚሊሜትር ያህል በመላጊያ ይቀንሱ፣ በኢፖክሲ ያሽጉት፣ ሲደርቅ የሻማ ሰም ያሹበት። ሣንቃው ከሚያርፍበት ተሸካሚ እንጨት ላይ ስስ የቡሽ ወይም የቆዳ ንጣፍ ይለጥፉ። ለቁምሳጥን በር መቀርቀሪያው ጠበቅ እንዲል ማስተካከልና በሩ በሚያርፍበት ዙሪያ ስስ የአረፋ ጥብጣብ መለጠፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የአልጋ ሥር ክዳኖችም እንደዚሁ ናቸው። የላላ ብሎን ሲያጋጥምዎት ወፍራም ብሎን በግድ አያስገቡ። ቀዳዳውን በኢፖክሲ ሞልተው፣ ሲጠነክር እንደገና በስተው፣ የማይዝገውን ብሎን ይመልሱ። የጣራ ልባስ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ በከፈፍ ሥር ስለሚፋተግ ነው፤ ከፈፉን አውርደው ከኋላው የጨርቅ ጥብጣብ ያድርጉበት።

እባክዎን ዘይት የሚረጭ ቆርቆሮ ይዘው አይግቡ። ዘይት ለጥቂት ቀን ዝም ያሰኛል፤ እንጨቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሙጫም ቫርኒሽም አይይዝበትም። የሲሊከን ርጭት ከዚህ ይከፋል፤ በኋላ በዚያ ገጽ ላይ የሚቀቡት ቫርኒሽ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። እርስዎ ያሰቡት የሚነፋ አረፋ ደግሞ ውሃ አቁሮ ፕላይውዱን ያበሰብሳል፣ ነገ መርማሪ ሊያየው የሚገባውን መጋጠሚያም ይሸፍናል።

ድምፁ በወቅት ይለዋወጣል። 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የማሆጋኒ ጣውላ ደርቆ ከከረመበት ወደ እርጥበት ሲመለስ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ በሜይ የጮኸው በኦገስት ዝም ሊል፣ ዝም ያለውም ሊጮህ ይችላል። የበረዶውን ወራት በየብስ ላይ በድጋፍ የቆመች ጀልባም ቅርጿ በመጠኑ ይለወጣል፤ ውሃ ላይ ካረፈች በኋላ ጥቂት ቀን ሳትቆይ የመወጠሪያ ሽቦዎቹን የመጨረሻ ልክ አይስጡ፣ በርም አይላጉ። የላላ ሽቦ ምሰሶውን እያወዛወዘ ውስጡን ሁሉ ያስጮኻል፤ አንዳንዴ ሽቦውን በልኩ መወጠር ብቻ ግማሹን ድምፅ ያስቀራል።

ጀልባዎ ወደብ ላይ ጸጥ ማለቷ ዕድል ነው። ሌሎች አንባቢዎች ግን ወደብ ላይ ታስረው ሳለ ስለሚሰሙት ማቃሰት ስለሚጠይቁኝ ባጭሩ ልመልስ። እሱ ብዙ ጊዜ የማሰሪያው ገመድ ነው፤ ውሃ ቢያፈሱበት ይቆማል፣ በሚታጠፍበት ላይ ቆዳ ቢጠቀልሉበት ለዘለቄታው ይሻሻላል። ምሰሶውን የሚደበድበውን የሸራ መሳቢያ ገመድ ወደ ጎን ሽቦው ስበው ያስሩት። በሜዲትራኒያን ወደቦች ያላችሁ ደግሞ ሌሊት ከጀልባው ሥር የሚንጣጣ ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ መቆንጠጫቸውን የሚያጮኹ ትንንሽ ሽሪምፖች ናቸው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። በእርስዎ አገር ጀልባዎች በኦክቶበር አካባቢ ከውሃ ይወጣሉ፤ በየብስ ላይ ደግሞ ጫና ስለሌለ የሚጮህ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ፍለጋውን በሴፕቴምበር፣ ነፋሱ መካከለኛ በሆነበት ቀን ይጨርሱ። የሚንቀሳቀሰውን ቦታ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርገው በላዩ ላይ ድምፁ የሚሰማው በቀኝ ነፋስ፣ በግራ ወይም በሞተር መሆኑን ይጻፉበት፣ ፎቶም ያንሡ። ኢፖክሲው ሙቀት ይፈልጋልና የግድግዳውን ሥራ በመለያው ላይ የተጻፈው ሙቀት በሚገኝበት ጊዜ ያድርጉት፤ የወለሉን ሣንቃዎች ግን አውጥተው ቤት ውስጥ በበረዶው ወራት ሊሠሯቸው ይችላሉ። ግድግዳው ጠርዝ ላይ ቢላ የሚያስገባ ክፍተት ካገኙ ሴፕቴምበርን አይጠብቁ፤ ፎቶውን ቁምሳጥኑ በየት በኩል እንደሆነ ጽፈው ዛሬውኑ ይላኩልኝ፤ እስከዚያው ድረስ በሞተር ብቻ ይሂዱ።